ጽዋው ከመነሳቱ በፊት

አባታችን ሆይን ስደግም አንድ ቦታ ላይ እንደምዘል መጀመሪያ ያወቀችብኝ እናቴ ናት።

ጠዋት ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞረን ጎን ለጎን ቆመን ነው የምንጸልየው። እሷ ድምፅ አውጥታ፣ እኔ በከንፈሬ ብቻ። ድምፄን ሰው ሲሰማው አልወድም። እናቴ ታማ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ሳቆም እንኳ ብዙ አላዘንኩም፤ ከእንግዲህ ቁሚና አንብቢ የሚለኝ አይኖርም ብዬ። እናቴ ግን ድምፅ ባላወጣም ትሰማኝ ነበር።

«ምኑን ነው የዘለልሽው?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ነጠላዋን እያጣፋች።

«ምንም አልዘለልኩም።»

«ከእኔ ቀድመሽ ጨረስሽ። አንቺ ደግሞ በምንም ነገር ቀድመሽኝ አታውቂም።»

የዘለልኩት «በደላችንንም ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለውን ነው። እዚያ ስደርስ የአንዲት ሴት ፊት ድቅን ይልብኛል። ያን ጊዜ መስመሩን ዘልዬ «ወደ ፈተናም አታግባን» ወደሚለው እሄዳለሁ።

ሴትዮዋ ከኛ ቤት ዝቅ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው የምትኖረው። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት፤ ሰፈሩ ስሟን ትቶ ሊቀመንበሯ ይላታል። ካኪ ኮቷን ለብሳ ስታልፍ ደጃፉ ላይ የተቀመጠ ሰው ብድግ ይላል። ወር በገባ በሃያ አንድ ደግሞ ያንኑ ኮት በሯ ኋላ ትሰቅልና ነጠላዋን ተከናንባ ከእናቴ ጋር የማርያምን ጽዋ ትጠጣለች። ሁለት ማኅበር ነበራት። ሰው ይህን ያውቃል፣ ሰው እንደሚያውቅም እሷ ታውቃለች፤ አንስቶ የሚያወራው ግን የለም። ፊቷ ስቆም እትዬ፣ እርስዎ እላታለሁ። በልቤ የምላትን እዚህ አልጽፈውም።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው የነበረ ክረምት ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች ይታፈሱ ነበር። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ሲጠብቅ የታየ ልጅ እንደወጣ ይቀራል፤ እናቱ በማግስቱ ስንቅ ቋጥራ ከቀበሌ ቀበሌ ትዞራለች። ወንድሜ የእኔ ታናሽ ነው። ጢሙ ገና አልወጣም፤ ቁመቱ ግን የበሩን ጉበን ይነካል፣ አፋሾቹ ደግሞ የሚያዩት ቁመት ነው። የሊቀመንበሯ ልጅ በፊተኛው ዙር ሄዷል። ራሷ እጁን ይዛ አስረከበችው ይባል ነበር። እምቢ ብትል ወይም ብትደብቀው ምን ይደርስባት እንደነበር እኔ አላሰብኩም። የራሷን ልጅ የሰጠች ለሰው ልጅ ታዝናለች ወይ፣ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

በሐምሌ መጀመሪያ ቤታችን መጣች። በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ወደ ውስጥ ላከች።

«ልጁስ?»

«አጎቱ ጋ ነው፣ አገር ቤት» አለች እናቴ።

«በዚህ ዝናብ?»

«በእርሻ ሊያግዘው።»

«ኳስ ሲያባርር እንጂ ሞፈር ሲይዝ አይቼው አላውቅም።» ፈገግ አለች። «ለማንኛውም ሲመለስ ቀበሌ ብቅ ይበል።»

ይህን ስትል ወንድሜ ከመጋረጃው ወዲያ ጓዳ ውስጥ፣ ከጋኑ ኋላ፣ አልጋ ሥር ተኝቶ ይሰማታል። ሌላ የምንደብቅበት ቦታ አልነበረንም። ማድ ቤቱን ከጎረቤት ጋር ነው የምንጋራው። በአስኮ በኩል እንዳይወጣ ኬላው ላይ አውቶቡስ እያስቆሙ መታወቂያ ያያሉ። አንድ ከአምቦ በኩል ከሰል የሚያመጣ ሾፌር በባዶ ጆንያ ሸፍኜ እወስድላችኋለሁ ብሎን ነበር። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ሳይመጣ ሰነበተ።

በዚህ መሀል የማርያም ጽዋ ተራ እኛ ላይ ደረሰ።

«ታምሜያለሁ በይና አስተላልፊው» አልኳት እናቴን።

«ወልጄ እንኳ ያላስተላለፍኩትን? አሁን ባስተላልፍ ነው ሰው ምን ደብቀው ነው የሚለው።» ዱቄቱን መንፋት ቀጠለች። «ደግሞ ማርያምን ከደጄ አልመልስም። ጉልበቴም ከድቶኛል። ያን ቀን በንስሐ አባታችን ፊት ቦታዬን ለአንቺ አወርሳለሁ።»

በማኅበራችን ደንብ አዲስ የሚገባ ሰው ጽዋው ከመነሳቱ በፊት ካህኑ ፊት ይቆምና ሁሉም እየሰማ «ቂም የለብኝም» ይላል። ያለበት ደግሞ ከማን ጋር እንደሆነ ተናግሮ እዚያው ይታረቃል። በቂም የተጠጣ ጽዋ አይባረክም ይባላል።

«ሁለት ቃል ናት» አለችኝ እናቴ። «ሁለት ቃል ለመናገር ታፍሪያለሽ?»

«ማፈሩን ተይው። ቢኖርብኝስ?»

ወንፊቱ እጇ ላይ ቆመ። ቂሜን ብናገር የማንና ለምን እንደሆነ ይጠየቃል፤ ለምን የሚለው መልስ ያለው አልጋ ሥር ነው። ሁለታችንም መጋረጃውን አየን።

በዕለቱ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋ ነበር። ከሁሉ ቀድማ የመጣችው እሷ ናት። ጫማዋን በር ላይ ከጭቃ አራገፈች፣ የማርያምን ሥዕል ተሳለመች፣ እጅጌዋን ሰበሰበችና ቀጥታ ወደ ጓዳ።

«እኔ ልቅዳ። አንቺ እንግዳ ተቀበይ፤ አንቺን እንደሆነ እንኳን እንግዳ ጠላውም ያሳፍርሻል።»

መጋረጃው ፊት ቆምኩ። «አይ እትዬ፣ ይቀመጡ። እኔ እቀዳለሁ።»

«ለምን?»

«ጓዳው አልተጠረገም።»

«የእናትሽን ጓዳ አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቀው። እትብትሽን እዚያው ውስጥ ማን የቋጠረው ይመስልሻል?»

ይህን አላውቅም ነበር። እጄ ግን መጋረጃውን አልለቀቀም። እሷም እጄን አየች፣ ቀጥሎ ፊቴን። በኛ ሰፈር ጎረቤትን ሳሎን ላይ ማስቀረት ባዳ ነሽ ከማለት አይለይም። ዞራ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ የተቀመጠችው ከመጋረጃው ጥግ ነው፣ እጇን ብትዘረጋ የምትነካበት ቦታ።

ሌሎቹ አንድ በአንድ ገቡ። ሙሴ የምንላቸው የማኅበሩ መሪ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ገና ከመቀመጣቸው «የዛሬው እንኳ ጠላ ነው ወይስ እንደ ባለፈው ወር የጣራ ውሃ?» ብለው ያለፈውን ወር ባለተራ አስቆጧት። የንስሐ አባታችን መጡና ሁላችንም ቆመን ጸሎት ተጀመረ።

እኔ ከኋላ ነኝ፣ መጋረጃው አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ። ከንፈሬ እመቤቴን ይጠራል፤ ጆሮዬ ግን ጓዳ ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲበረታ ደስ ይለኛል፣ ሲያባራ ላብ ያጠምቀኛል። ወንድሜ እንዳያስነጥስ፣ ጋኑን በእግሩ እንዳይነካ፣ ይህን ብቻ ስማጸን ውዳሴው አለቀ። ፊቴ የቆመው የሴትዮዋ ጀርባ ነበር። ስትሰግድ አየኋት፤ ስግደቷንም ጠላሁት።

ሙሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እንደ ልማዳችን ነው። ጽዋው ከመነሳቱ በፊት በመካከላችን የተቀያየመ ካለ ይናገር። ባለፈው ወር የዶሮ ነገር ነበር፤ ዶሮዋም ታርዳለች፣ ነገሩም አልቋል።»

ሳቁ። ዝናቡ ቆሞ ነበር።

«የለም? ተመስገን። እንግዲያው አባ...»

«እኔ አለኝ» አለች ሊቀመንበሯ።

«ከማን ጋር?»

«ከዚህ ቤት ጋር።»

እናቴ ከድፎው ላይ ያነሳችው ጨርቅ እጇ ላይ ቀረ። እኔ ጀርባዬን ከግድግዳው አጣበቅኩ። አሁን ትናገረዋለች፣ በማርያም ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት ትናገረዋለች አልኩ በልቤ።

«ይህች ልጅ ጓዳ እንዳልገባ መጋረጃ ያዘችብኝ» አለች። ድምፅዋ ቀበሌ ስትናገር የማውቀው ድምፅ አልነበረም። «እዚህ ቤት ስንቱን ጽዋ ቀድቻለሁ። ለእናቷ አራስ ቤት እሳት ያነደድኩት እኔ ነኝ። ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ ይነሳል፤ ሳልፍ ደግሞ በሩን ይዘጋል። እሱን ለምጄዋለሁ። እዚህ ግን፣ በሃያ አንድ፣ እንዲህ ተደርጎብኝ አያውቅም።»

ከዚያ ሙሴ ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

«እኔ ደግሞ ምን ይሆን ብዬ። ይሄማ ከዶሮዋም ይቀላል። ልጄ፣ ለምን ከለከልሻት?»



«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች እናቴ። «ማንም አይግባ ያልኳት እኔ ነኝ። ጓዳው ተዝረክርኮ...»

«ይዝረከረክ። የማን ጓዳ ነው ያልተዝረከረከው?» ሙሴ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ፍርዱ ይሄ ነው። መጋረጃውን በእጅሽ ግለጪላት፤ የዛሬውን ጠላ እሷ ትቅዳ። ቅያሜው በገባበት በር ይውጣ።»

«ይሁን፣ ይሁን» አሉ ሁሉም። አባም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለእግዚአብሔር ብላችሁ ይቅር ተባባሉ።»

ከመካከላቸው አንድም ሰው የሚያዝዘኝን አላወቀም። ለእርቅ ብለው ነው። እናቴን አየኋት። እሷ ሥዕሉን አየችና ዝቅ ባለ ድምፅ «ግለጪላት» አለችኝ።

ገለጥኩት።

ሴትዮዋ ፊቴ ቆመች። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችኝ እንደ ደንቡ። እኔም ያንኑ መመለስ ነበረብኝ፤ ከንፈሬ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ባዶውን ጆግ ከእጄ ተቀብላ ገባች። መጋረጃው ከኋላዋ ወደቀ።

የጋኑ ክዳን ሲነሳ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ምንም። ሙሴ የዶሮዋን ታሪክ ያን ቀን ላልነበሩት ከመጀመሪያው ያወሩ ጀመር፤ ሰው ይስቃል። እኔ ጣሳ ወደ ጆግ ሲገለበጥ እጠብቃለሁ፣ ጣሳው ግን አይገለበጥም። ጋን ሙሉ ጠላ በሚቀዳበት ጊዜ ውስጥ አንድ ጣሳ እንኳ አልተሰማኝም። በመጨረሻ ሲንቆረቆር ሰማሁ። ጆጉን ሞልታ ስትወጣ ነጠላዋ ላይ ፈስሶባት ነበር። ፊቷ ምንም አይልም። ለአባ ቀዳች፣ ለሙሴ ቀዳች፣ ተመልሳም መጋረጃው ጋ አልተቀመጠችም። ሄዳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ቶሎ ወጥታ አፋሾቹን ልትጠራ ነው አልኩ።

አባ ዳቦውንና ጽዋውን ባረኩ። «ነይ ልጄ» አሉኝ። «ቂም የለብኝም በዪና የእናትሽን ቦታ ውረሺ።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ክፍል ውስጥ ቁሚና አንብቢ የተባልኩ መሰለኝ። መዋሸት አላቃተኝም ነበር። በዚያ ክረምት ለወንድሜ ስል ያልዋሸሁት ጎረቤት የለም፤ አፌ ተለማምዷል። ልለውም ተነስቼ ነበር። አባ ጽዋውን ወደ እኔ ሲያዘነብሉት ግን ለእሳቸው ወይም ለሙሴ የምናገረው ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። ጠዋት ጠዋት መስመሩን ስዘል የሚያዳምጠኝ እግዚአብሔር ራሱ ነው እዚህም የሚያዳምጠኝ።

«አባቴ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ነበር። «ልቤ ገና ነው።»

«ገና ማለት?» አሉ ሙሴ።

አባ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው። «ከማን ጋር ብዬ ልጠይቅሽ?»

«አይጠይቁኝ አባቴ።»

በሩ አጠገብ ያለችው ሴትዮ መሬት መሬት ታይ ነበር።

«እንግዲያው ጽዋው ይጠብቅሽ» አሉ አባ። «ልብ ሳይኖርበት ከሚጠጣ ቢያልፍ ይሻላል። በሚመጣው ወር እንጠይቅሻለን።» ጽዋውንም በእኔ አሳልፈው ለቀጣዩ ሰጡ። በገዛ ቤቴ ያለፈው እኔን ብቻ ነው። እናቴ ዳቦ ትቆርስ ነበር፤ ቀና አላለችም።

ጽዋው ሊቀመንበሯ ጋ ሲደርስ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ሳትጠጣም ቆየች። የሰው ዓይን ሲበዛባት ጠጣች። የሚቀጥለው ወር ተራ የእሷ ስለነበረ ጽዋውን በጨርቁ ሸፍና አነሳችው፤ ሰዎቹም እንደ ልማዱ እየዘመሩ በጭቃው ወደ ቤቷ ሸኟት።

ድምፃቸው ሲርቅ ጓዳ ገባሁና ተንበረከኩ።

«አየችህ?»

«አየችኝ» አለ ወንድሜ ከአልጋው ሥር።

«ምን አለችህ?»

«ዝም ብላ ቆመች። ጣሳውን ጋኑ ውስጥ ከትታ ረሳችው። ከዚያ ‹ጫማህ ይታያል፣ ሳበው› አለችኝ።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ያለቀሰች መሰለኝ። ፊቷን አላየሁም፣ ያየሁት እግሯን ነው።»

ያን ሳምንት የውጭ በር በተንኳኳ ቁጥር እናቴና እኔ ተያየን። አንዴ የቧንቧ ውሃ ጠያቂ፣ አንዴ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። የአብዮት ጥበቃ ሰው አልመጣም። ዝናቡ ጋብ ሲል ሾፌሩ መጣና ወንድሜን ከባዶ ጆንያዎቹ ጋር ጭኖ ሄደ። በፍልሰታ ጾም መካከል ደህና መግባቱን ሰማን።

ሊቀመንበሯ በመንገድ ስታገኘኝ እንደ ድሮው «እናትሽ እንዴት ናት?» ትለኛለች፣ ደህና ናት እላታለሁ፣ ታልፋለች። ስለዚያ ቀን ቃል አልተነፈሰችም። ጸሎቴ ግን አልተስተካከለም። መስመሩ ጋ ስደርስ አሁንም ፊቷ ይመጣል፤ ይቅር የምላት በደል ግን አላገኝባትም። ክረምቱን ሙሉ ይዤው የቆየሁት ነገር ባለቤቱ ጠፍቶበት እኔው እጅ ላይ ቀርቷል። ቀድሞ እዘለው የነበረውን አሁን ቆሜበት እቀራለሁ። እናቴ ጨርሳ ትጠብቀኛለች፤ ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀችኝም።

ነሐሴ ሃያ አንድ እናቴ ጉልበቷ ስላልቻለ ብቻዬን ሄድኩ። ሰው ሳይበዛ ልድረስ ብዬ ቀድሜ ሄጄ ከእሷ በቀር ማንንም አላገኘሁም። ካኪ ኮቷ በሯ ኋላ ተሰቅሏል። ቆሜ ቀረሁ፤ የት መቀመጥ እንደሚገባኝ አላወቅኩም።

«ዛሬ ማን ነው የሚቀዳው?» አለች።

«እኔ ልቅዳ» አልኩ።

የጓዳዋን መጋረጃ ራሷ ገልጣ ያዘችልኝ። «ግቢ። እዚህ ቤት መጋረጃ የሚይዝ የለም።» ይህን ስትል ፈገግ አለች፤ እኔ አፈርኩ።

ጋኑ ጥግ ላይ ነበር። ከጎኑ የአንድ ሰው አልጋ አለ፤ ብርድ ልብሱ ተወጥሮ ተነጥፏል፣ ትራሱ ላይ የራስ ምልክት የለም። ጣሳውን ላነሳ ጎንበስ ስል አልጋው ሥር የወንድ ጫማ አየሁ። ቀለም ተቀብቶ፣ ማሰሪያው ታስሮ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አድርጎ ተቀምጧል። ጫፉ ይታይ ነበር። እጄ ሊያስገባው ሄደ፤ ከዚያ ተውኩት።

ሳሎን ውስጥ ሰው መግባት ጀምሯል። የሙሴ ሳቅ ይሰማል።

«ጣሳውን አገኘሽው?» አለች ከመጋረጃው ወዲያ።

«አገኘሁት እትዬ።»

«ማን ናት እሷ?» አሉ ሙሴ። «ይህች ልጅ ድምፅ አላት ለካ።»

ጆጉን ሞላሁ። ጊዜ ወሰደብኝ። ስወጣ እሷ በሩ አጠገብ ሳይሆን መጋረጃው ጥግ ነበረች፣ ያን ቀን እኛ ቤት መጀመሪያ የተቀመጠችበት ዓይነት ቦታ። አጠገቧ ቆምኩ። ጸሎት ተደረገ፤ አባታችን ሆይ ላይ ደርሰን ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲሉት ያቺን መስመር የእሷ ድምፅ ከጎኔ ሲላት ሰማሁ፤ እኔም አብሬያት አልኳት።

ሙሴ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ። የተቀያየመ አልነበረም። አባ ጽዋውን ባርከው ወደ እኔ ዞሩ።

«ባለፈው ወር ልቤ ገና ነው ብለሽን ነበር» አሉ። «ዛሬስ ልጄ...»

ጠይቀው እስኪጨርሱ አልጠበቅኳቸውም፤ ሁለቷን ቃል ድምፄን አውጥቼ አልኳቸው።